ቀይ ፍሬንና የአባ ይርጋ የወይራ ዘይት

ሰው ሽማግሌ ሊልክ ሲነሳ አዲስ ሸሚዝ ይገዛል፤ ፀጉሩን ይስተካከላል፤ በጣም የጨነቀው ደግሞ ይጾማል። እኔ ቀለም ገዛሁ። ቀይ፣ ሙቀት የማይበግረው፣ የመኪና ፍሬን የሚቀባበት ቀለም። ይህን የምተርክላችሁ ለማሳቅ ብቻ ብዬ አይደለም፤ ማመስገን ያለብኝ ሰው ስላለ ነው። ምስጋናው ግን ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ መጀመሪያ ላይ ከምስጋና ይልቅ ለቅሶ ነበር የቀረበኝ።

በቅደም ተከተል ላስረዳ። የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ፤ በቅደም ተከተል ያልተነገረ ነገር ሰውነቴን ያሳክከኛል።

ተሂላ የምትባል ልጅ አለች፤ እስራኤል አገር፣ አሽቀሎን ከተማ ውስጥ ነርስ ናት። ተዋደድን፣ ተስማማን፣ የቀረው ወጉ ብቻ ነበር። ወጉ ደግሞ እንደምታውቁት ሦስት ሽማግሌ ወላጆቿ ቤት ሄዶ፣ ሰባት ቤት ዘር ቆጥሮ፣ ዝምድና እንደሌለን አረጋግጦ ልጅቷን መጠየቅ ነው። በእኛ ቤተሰብ ሰባት ቤት ሳይሳሳት የሚቆጥር አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን፦ የእናቴ አጎት አባ ይርጋ። ረሆቮት ከተማ ውስጥ እኔና እናቴ ከምንኖርበት ሕንፃ ሥር፣ ምድር ቤት ይኖራሉ። እሳቸው ካልሄዱ ሽማግሌ የለም፤ ሽማግሌ ከሌለ ተሂላ የለችም። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

የተሂላ አባት ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው። አንድ ቀን በስልክ ስናወራ፣ «አባቴ እንግዳ ሲመጣ በረንዳ ላይ ቆሞ መጀመሪያ መኪናውን ነው የሚያየው» አለችኝ። ስለ ዝናብ እንደምታወራ ዓይነት እንዲሁ ነው ያለችው። እኔ ግን ስልኩን ዘግቼ ወደ መኪና ማቆሚያው ወረድኩና መኪናዬን በአውቶቡስ ነጂ ዓይን አየኋት። ነጭ ናት፣ አሮጌ ናት፣ ንጹሕ ናት። ነገር ግን ሰሞኑን ዘንቦ ስለነበር በቸርኬው ቀዳዳ በኩል ቡናማ ዝገት ይታያል።

የዝገቱን ቦታ ላስረዳችሁ፤ ዝም ማለት ስለማልችል ነው የማስረዳው። ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር ሰፌድ የመሰለ ብረት አለ፤ ዲስክ ይባላል። ያንን ሰፌድ ከሁለት በኩል የሚጨብጥ እጅ አለ፤ ካሊፐር ይባላል። በእጁ መዳፍ ላይ የፍሬን ሸራ አለ። ፔዳሉን ስትረግጡ እጁ ሰፌዱን ጭምቅ ያደርገዋል፣ መኪናዋም ትቆማለች። በዝናብ ማግሥት ሰፌዱ ላይ የሚታየው ዝገት ደግሞ ሦስት ጊዜ ፍሬን ሲያዝ በራሱ ተፍቆ ይጠፋል። ይህን የመጨረሻውን ነገር ያወቅኩት ግን ሁሉም ካለፈ በኋላ ነው።

ሽማግሌዎቹ የሚሄዱት ሐሙስ ከሰዓት ነበር። ሰኞ የዕረፍት ቀኔ ስለሆነ ሰኞን ለፍሬን ሰጠሁት። አሥራ አራት ተራ ቁጥር ያለው ዕቅድ በትልቅ ወረቀት ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። የጎማውን ዳዶዎች በእንቁላል መያዣ ደርድሬ «ግራ አንድ፣ ግራ ሁለት» እያልኩ ጻፍኩባቸው፤ ዳዶዎቹ ሁሉም አንድ ዓይነት መሆናቸውን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፣ ሥርዓት ሥርዓት ነው።

አባ ይርጋ በራቸው ላይ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር አላቸው። እዚያ ተቀምጠው ያዩኛል።

«ምን ሆነች?» አሉኝ።

«ምንም አልሆነችም አባ። ላሳምራት ነው።»

«ጎማዋን አውልቀህ?»

«ከጎማው ውስጥ ያለውን ነው የማሳምረው።»

«ሙሽራው አንተ ነህ ወይስ እሷ?»

እዚህ ላይ ስለ አባ ይርጋ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። አገር ቤት፣ ከጎንደር ወዲያ፣ ቀጥቃጭ ነበሩ። አባታቸውም አያታቸውም እንደዚያው። ማጭድ፣ ማረሻ፣ መጥረቢያ ይሠሩ ነበር። ገበሬው ማጭዱን ይወስድላቸዋል፤ እጃቸውን ግን አይጨብጥም፤ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ዓይኑ ይበላል ይባል ነበርና። በሱዳን በኩል በእግር መጡ። እዚህ ደርሰው ነስ ጺዮና በሚባል ከተማ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን ሲያሽጉ ኖረው ጡረታ ወጡ። በዚያ ሁሉ ዘመን ስለ ብረት የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኳቸውም። እሳቸው አምስት እርምጃ ላይ ተቀምጠው እኔ ዝገት እንዴት እንደሚለቅ ስልኬን ነበር የምጠይቀው።

ስልኬም «የሽቦ ብሩሽ፣ ኮምጣጤና የብርጭቆ ወረቀት» አለኝ። ፈተግኩ። ኮምጣጤው ውስጥ ነክሬ ፈተግኩ። የብርጭቆ ወረቀቱ አልቆ ሌላ ገዝቼ ፈተግኩ። ዲስኮቹ ፊት የሚታይባቸው መስታወት ሆኑ። ካሊፐሮቹን አጽድቼ፣ ዙሪያቸውን በወረቀት ሸፍኜ፣ ሦስት ጊዜ ቀይ ቀለም ቀባሁ። ጫማዬንም አንድ ጊዜ፣ ግራ ጆሮዬንም አንድ ጊዜ። ተራ ቁጥር አሥራ አንድ «ይድረቅ» የሚል ነበርና ቀለሙ እስኪደርቅ ምሳ ልበላ እናቴ ጋ ወጣሁ። በላሁ፤ ሶፋው ላይ ጋደም አልኩ። በዕቅዱ ላይ የሌለ ነገር ያደረግኩት ያኔ ብቻ ነው፤ ተኛሁ።

ስነሳ ወርጄ ጎማዎቹን መለስኩ፣ መኪናዋን ከክሪኩ አወረድኩ፣ ዳዶዎቹን አጠበቅኩ፣ ፔዳሉን እስኪጠነክር ድረስ ደጋግሜ ረገጥኩ። ቀጥሎ ተራ ቁጥር አሥራ አራት ነው፦ «ሞክር»።

የመኪና ማቆሚያችን ትንሽ ቁልቁለት አለው። በአህያ እርምጃ ወደ ታች ለቀቅኳትና ፍሬን ያዝኩ። አልቆመችም። ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። አልቆመችም። የእጅ ፍሬኑን በድንጋጤ ረስቼ በሁለት እግሬ ተነስቼ ቆምኩበት፤ እኔ ቆምኩ፣ እሷ ግን አልቆመችም። በቀስታ፣ በክብር፣ እንደ ሙሽራ፣ ከሕንፃው ፊት ለፊት ያለው የጥብስ ቅጠል አጥር ውስጥ ገብታ ዕረፍት አገኘች። ማንም አልተነካም። የጥብስ ቅጠሉ መዓዛ ግን መኪናዋ ውስጥ ሰንብቶ፣ በገባሁባት ቁጥር ሥጋ ያምረኝ ነበር።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሴን ነው። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ተንበርክኬ በቸርኬው ቀዳዳ ሳይ ዲስኩ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር አለ። ነካሁትና አሸተትኩት። ሰላጣ ሰላጣ ይላል።

ከኋላዬ አባ ይርጋ ከወንበራቸው ሆነው፣ «አየህ እንዴት እንደሄደች?» አሉ። «ጠዋት ስታዞረው ይንጫጫ ነበር። አሁን ድምፅ የለው።»

ከወንበሩ ሥር አረንጓዴ ጠርሙስ አየሁ። ግማሹ ጎድሏል።

«አባ፣ ዘይት ቀቡት?»

«ተኝተህ ቀረህና ምን ላድርግ። የጠራ ብረት ራቁቱን ከዋለ ይዝጋል። አገር ቤት በሞራ ነበር የምንቀባው። ላንተ ጉዳይ ስለሆነ ግን ጥሩውን የወይራ ዘይት ነው ያወጣሁት። ሐሙስም ከመሄዳችን በፊት እደግመዋለሁ። ቤሰደር?»

«ቤሰደር፣ እሺ አባ» አልኩ። አስተማሪ ብሆንም ፈሪም ነኝ።

እዚህ ላይ የሰውዬው ጥፋት ምን እንደሆነ አስተውሉ። ጥፋታቸው ሥራቸውን ማወቃቸው ነው። ማጭድ የሠራ ሰው፣ ማረሻ የሠራ ሰው፣ ያጸዳውን ብረት ሳይቀባ አይሰጥም። እሳቸው የሚያውቁት ብረት ሁሉ ሥራው መቁረጥ ወይም መሰንጠቅ ነው። ሥራው መታሸት ብቻ የሆነ ብረት፣ ያለ ዘይት እንዲኖር የተፈረደበት ብረት፣ በሕይወታቸው አላጋጠማቸውም።

እናቴ ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ፊቷ ተለወጠ።

«እንዳትነግራቸው።»

«ሐሙስ ደግሜ እቀባለሁ ብለዋል እኮ።»

«ቁልፉን ደብቅ። ጠርሙሱን ደብቅ። ከፈለግህ እሳቸውን ደብቅ። ‹ተሳስተዋል› ግን እንዳትል። የአክስትህ ልጅ በሰው ፊት ‹ተሳስተዋል› ስላለቻቸው ሦስት ዓመት ደጇን አልረገጡም። አሁን ቢያኮርፉ ማን ነው ዘር የሚቆጥርልህ? እኔ ከአራተኛው ቤት አላልፍም።»

ለተሂላ ደወልኩ። «ሰባት ቤት የሚቆጥር አፕሊኬሽን የለም?» አለችኝ። ፈልጌ ነበር፤ የለም።

ግራ ቀኙን አየሁት። ዝም ብዬ ዘይቱን ባጥበው፣ እሳቸው ሐሙስ ጠዋት እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ በቸርኬው ቀዳዳ ጨርቅ ሰደው ደግመው ይቀቡታል፤ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም። ከዚያ ሦስት ሽማግሌ ጭኜ ወደ አሽቀሎን አውራ ጎዳና እወጣለሁ። ብነግራቸው ደግሞ ያኮርፋሉ፣ ተሂላም ትቀራለች። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ልነግራቸው ቆረጥኩ። ቆረጥኩ ስላችሁ ወዲያው ተናገርኩ ማለቴ አይደለም።

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ዘይት የማይስማማው ብረት ይኖራል?»

«ዘይት የማይስማማው ብረት የለም። ዘይት የማይስማማው ሰው ነው። እኔን ሐኪሙ ከልክሎኛል።»

ከኪሴ ጠመኔ አወጣሁ። ኪሴ ውስጥ ሁልጊዜ ጠመኔ አለ። አስፋልቱ ላይ ክብ ሣልኩ፣ ክቡን የጨበጠ እጅ ሣልኩ፣ ቀስት አደረግኩበት። «ይህ ምን ይመስላል?»

«ሦስተኛ ክፍል አስገባኸኝ?» አሉ።

ያኔ በቃኝ። ክፍሌ ውስጥ አንድ ደንብ አለኝ፤ የልጅ ስህተት ከመናገሬ በፊት የራሴን እናገራለሁ። «አባ፣ ሥራውን ጥዬ መተኛቴ ጥፋት ነው» አልኩ። «ቀኑን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠው ይህ ብረት ምን እንደሚሠራ አለመንገሬ ሌላ ጥፋት ነው። ሥራው መኪናዋን መያዝ ነው። ዘይት ከነካው አይዝም። ትናንት አጥሩ ውስጥ የገባሁት የቀቡት ዘይት ስላንሸራተተኝ ነው። ሐሙስ ደግመው ከቀቡት አሽቀሎን አንደርስም።»

አባ ይርጋ ክቡን ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ፤ ገቡ፤ በሩን ዘጉት። ወንበራቸውን ውጪ ትተው ሲገቡ አይቼ አላውቅም።

እናቴ «ነገርኩህ» አላለችም። ሾርባውን ስታቀርብልኝ ግን ማንኪያውን ያስቀመጠችበት አቀማመጥ ያንኑ ይል ነበር። የተሂላን መልእክት ሳልመልስ አደርኩ።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመጣ አባ ይርጋ መኪናዬ አጠገብ ቆመዋል። የፋብሪካውን አሮጌ ሰማያዊ ልብስ ለብሰዋል። እጃቸው ላይ ትንሽ መዶሻ አለ።

«አውልቀው» አሉኝ።

«ምኑን አባ?»

«የቀባሁትን።»

አወለቅኩ። የካሊፐሩ ቡሎን እምቢ ሲለኝ ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክተው አንድ ጊዜ ጫን አሉት፤ እሺ አለ። እኔ ካሊፐሩ ቱቦውን እንዳይጎትት በሽቦ አንጠለጠልኩት። ዲስኮቹን አውጥተን በሳሙና እያጠብን ሳለ ስለ መዶሻው ጠየቅኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ብረት የጠየቅኳቸው ያኔ ነው። ብረቱ ከአገር ቤት በጉያቸው የመጣ ነው፤ እጀታውን እዚህ ከሎሚ እንጨት ቀርጸውለታል። በዚያ ሁሉ በረሃ ውኃ ሳይሆን መዶሻ የያዙት ለምንድን ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። «ውኃውን እናትህ ይዛ ነበር» አሉኝ።

ከዚያ ዲስኩን በገመድ ከማቆሚያው ዳር ካለው የሎሚ ዛፍ ላይ አንጠለጠሉት።

«ለምንድን ነው አባ?»

«ብረት ከእጄ ሳይናገር አይወጣም።»

መቱት። ድምፁ እንደ ደወል ወጣ፤ ረዝሞ ረዝሞ ጠፋ። «ይህ ጤነኛ ነው።» ሁለተኛውን አንጠለጠሉና መቱት። ጠቅ አለና ዝም አለ፤ የተሰነጠቀ ጋን የመታችሁ ያህል። «ይህ ታሟል» አሉ።

ዲስኩን አገላብጬ አየሁት፤ ምንም የለውም፤ እኔ ራሴ ነኝ መስታወት ያደረግኩት። ሳይንስ ማስተማር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። «አባ፣ ምናልባት ገመዱ ይሆናል» አልኩ። ገመዱን ቀየሩና መቱ። ጠቅ። የጤነኛውን ገመድ አምጥተው በዚያ ሰቀሉና መቱ። ጠቅ።

«ገመዱ ነው?»

«አይደለም፣ አባ።»

መኪናዋ ያለ ጎማ ቆማለችና ዲስኮቹን በእናቴ የገበያ ጋሪ ጭነን፣ እኔ እየጎተትኩ፣ እሳቸው በምርኩዝ፣ ወደ ኢንዱስትሪው ሰፈር ሄድን። እዚያ የማውቀው አንድ ሙሳኽ አለ፤ መኪና የሚጠግኑበት። ባለቤቱ ዲስኩን በፈሳሽ አጥቦ መብራት አበራበት፤ አጉልቶ በሚያሳይ መስታወት ተመለከተና ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አኖረ። ከዚያ ጠራኝ። ከቡሎኑ ቀዳዳ ተነስታ ወደ ዳር የምትሄድ ፀጉር የምታክል መስመር አለች። ዝገቱ ሸፍኗት ከርሟል። በኋላም እኔ አሳምሬ አልፌያታለሁ።

«በዚህ አውራ ጎዳና ልትወጣ ነበር?» አለኝ በዕብራይስጥ።

«ሦስት ሽማግሌ ይዤ።»

«ስንጥቁን ማን አገኘው?»

ወደ አባ ይርጋ አመለከትኩ። በምን እንዳገኙት ጠየቀ፤ በመዶሻ አልኩት። ሰውየው መዶሻውን አየ፤ እጃቸውን አየ፤ ከዚያ የራሱን እጅ በጨርቅ ጠርጎ ዘረጋላቸው። ጨበጡት። በሳምንት አንድ ቀን እየመጡ ቢያዩለት ደስ እንደሚለው ንገራቸው አለኝ። ሁሉን እየሰሙ ነበር፤ ሆኖም ወጉን ለመጠበቅ ተረጎምኩላቸው።

«ብረት ካለው እመጣለሁ በለው» አሉኝ። «ካርቶን ከሆነ ይቅርብኝ።»

ሁለት አዲስ ዲስክና አዲስ ሸራ ወሰድን። ሰውየው ሙሳኹን ዘግቶ ራሱ መጥቶ ገጠመልን፤ ቁልቁለቱንም ራሱ ነድቶ ሞከራት። ቆመች። ስለ ቀዩ ቀለም ምንም አላለም፤ ለዚያም አመሰግነዋለሁ።

እሱ ከሄደ በኋላ አባ ይርጋ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«የተቆጣሁ መስሎህ ነበር?»

«አዎ።»

«አባቴ ቢኖር ጆሮዬን በጉጠት ነበር የሚይዘኝ። ማጭድ ይዞ የመጣን ሰው መጀመሪያ ‹ምን ልታጭድበት ነው?› ትለዋለህ። ከዚያ ነው የምትነካው። እኔ ሳልጠይቅ ነካሁ። አንተም ጠይቄህ አልነገርከኝም፤ ‹ላሳምራት ነው› ነው ያልከኝ። እኩል ነን።» በምርኩዛቸው ወደ ጠመኔው ሥዕል አመለከቱ። «ግን የበለጠ ያስቆጣኝ የሥዕልህ ነገር ነው። እጁ ስድስት ጣት ነበረው።»

ሐሙስ ከሰዓት አባ ይርጋንና ክፋር ማርሞሬክ ከሚባለው ሰፈር ሁለት ሽማግሌዎችን ጭኜ አሽቀሎን ገባሁ። መንገዱ ላይ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ሦስቱም በአንድነት ጎንበስ ይላሉ፤ እኔ በልቤ አመሰግናለሁ። ልጁ ራሱ አይገባምና እነሱ ሲወጡ እኔ መኪናዋ ውስጥ ቀረሁ። ተሂላ ኩሽና ሆና እየሰማች ትጽፍልኝ ጀመር።

«ገቡ።»

«አባቴ በረንዳ ላይ ቆሞ መኪናህን አይቷታል። ‹የኋላ ጎማዋ አየር ያንሳታል› አለ።»

«ስለ ቀለሙስ?» ብዬ ጻፍኩ።

«የትኛው ቀለም?»

ስልኩን ሁለት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁት። ከዚያ ረጅም መልእክት መጣ።

«አባቴ ስለ ልጁ ንገሩን አላቸው። አባ ይርጋ እንዲህ አሉ፦ ‹ልጁ ስለ መኪና አያውቅም። ስለ ብረትም አያውቅም። ሥዕልም አይችልም። እኔ ጥፋት አጥፍቼ ነበር። ብቆጣ ልጃችሁን እንደሚያጣ ያውቃል፤ ዘር የሚቆጥርለት ሌላ ሰው የለውም። አውቆ ፊት ለፊት ነገረኝ። እኔ ከምሞት ልጅቷን ማጣት መረጠ። እንዲህ ያለ ሰው ሚስቱን አይዋሻትም። ሌላ የምለው የለኝም፤ አሁን ዘሩን ልቁጠር።› አሁን እየቆጠሩ ነው። እኔ ማልቀሴን አቁሜ ሳህን ላቀርብ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ፀሐይዋ ዘቅዝቃ ነበር። ሁለቱ ከኋላ ገቡ፤ አባ ይርጋ ከፊት ተቀመጡና ቀበቷቸውን አሰሩ።

«ምን አሉ አባ?»

«ለሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጡን። በአንድ ቀን ልጅ የሚሰጥ ቤት የለም። ሰባቱም ቤት ግን ንጹሕ ነው።»

ቁልፉን ይዤ ቀረሁ፤ ሞተሩን አላስነሳሁም። ከኋላ አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ምን ሆንክ?» አሉኝ አባ ይርጋ። «ተበላሸች?»

«አልተበላሸችም።»

«ታዲያ?»

«ላመሰግንዎት ፈልጌ ከየት እንደምጀምር እያሰብኩ ነው።»

መስኮቱን በጥቂቱ ዝቅ አደረጉና ወደ መንገዱ ተመለከቱ።

«እየነዳህ አስብ» አሉኝ።